ራሱ የተቆረጠው ዘንዶ

የእንጀራ እናቴን ቤታችን ከገባችበት ቀን ጀምሮ አልወደድኳትም። እሷም አልወደደችኝም፤ በዚህ እንኳ ተስማምተናል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ አሰበ ተፈሪ ቤት የተጎለትኩበት ጊዜ ነው። የለየለት ጠብ ውስጥ የገባነው ግን በሟች እናቴ የአበባ ማስቀመጫ ነው።

ጉልበቴ ድረስ የሚመጣ ነጭ የቻይና ሸክላ ነው፤ ቤት ውስጥ "ቻይናው" እንለዋለን። እናቴ ከአባቷ ወረሰችው፤ እሱ ደግሞ ድሬዳዋ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ከገባ የየመን ነጋዴ ነው የገዛው። ቤታችን ካለው ሰው ሁሉ ዕድሜው ይበልጣል። የተሣለበት ሰማያዊ ዘንዶ የማስቀመጫውን ሆድ ተጠምጥሞ ይወጣና አንገቱ ላይ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ያፈጣል። በእኛ ዘንድ የሟች እናት ዕቃ ሳሎን ይቆይና ልጅቷ ስታገባ ይዛው ትወጣለች። ስለዚህ ቻይናው የእኔ ነው። ልብሷንማ ለዘመድ አከፋፍለውታል፤ ሌላ የቀረኝ የለም።

የእንጀራ እናቴ የምትሰግደው ሳሎን ነው። "የፍጡር ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም" አለችኝ።

"ይሄ እኮ በዓለም ላይ የለም። ቀንድና እግር ያለው እባብ የት አዩ?"

"ከሌለ በምን ዓይኑ ነው የሚያፈጥብኝ?"

"እርስዎስ ሲያፈጡብኝ ይውሉ የለ?"

አባቴ ሳቁን በሻይ ብርጭቆው ሸፈነና ሼሁን ልጠይቅ ብሎ ወጣ። ሼሁ ነገር የማያከርሩ ሰው ናቸው፤ "ራሱን በጨርቅ ሸፍኑት፣ ይበቃል" አሉ። እሷም አሮጌ ሻሽ አሰረችለት። ጉሮሮውን ያመመው ሽማግሌ መሰለ። ሰግዳ ስትነሳ እፈታዋለሁ፤ ተመልሳ ታስረዋለች። ረመዳን በዚህ አለቀ።

አንድ ቀን ከቀበሌ የወጣቶች ስብሰባ ስመለስ ቻይናው አንገት የለውም። በዘነዘና ጠርዝ ጠርዙን መትታ ገንጥላዋለች።

"ይኸው፣ ራስ የለውም። ራስ የሌለው ሥዕል እንደ ዛፍ ነው፣ ፍጡር አይባልም። ሆዱን አልነካሁብሽም" አለች፣ ምስጋና የምትጠብቅ ይመስል።

"አንቺ!" አልኳት። አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። "እናቴን ነው የመታሽው!"

"ያ ረቢ! ሸክላ ነው የመታሁት!"

ከጥራጊው ውስጥ ራሱን ፈልጌ አገኘሁ። መዳፍ የሚያክል ስባሪ ላይ ዓይኑም አፉም ደህና ነው። መስኮቱ ላይ፣ ልክ መስገጃዋ ፊት ለፊት አቆምኩት። ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት ስትነሳ አየችውና ምንጣፏን ጠቅልላ አባቴን ጠራችው። "ወይ እሱ፣ ወይ እኔ!"

"ልጄ፣ ጣይው። የተሰበረ ዕቃ ምን ያደርግልሻል?" አለኝ።

"ሰባሪዋን ጣላት።"

እሷን አያት። እኔን አላየኝም። "እሱን ይዘሽ እኔ ቤት አታድሪም" አለ። ስባሪውን በነጠላዬ ጠቀለልኩና ወዲያው ወጣሁ።

ሚኤሶ የእናቴ እህት አለች። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ተከትሎኝ መጣ፤ መኪናው ላይ ከወጣሁ በኋላ መስኮቱን ይዞ፣ "ይቅርታ በያትና ተመለሽ" አለኝ።

"እሷ ትበለኝ።"

"ትልቅ ሰው ናት እኮ!"

"ታዲያ ትልቅነቷን ታሳይ።"

እስከ ዛሬ አላለችኝም። እኔም አልተመለስኩም።