መዝገቡ የማያውቃቸው አራት ማክሰኞዎች

መምህራችን «ሥልጣንን ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ አትፈልጉ» ይሉን ነበር። ማን ተቀምጦ ማን እንደሚቆም፣ ማን ሳያንኳኳ እንደሚገባ፣ ማን «ነገ ና» እንደሚባል ዝም ብላችሁ እዩና ጻፉ። የሁለተኛ ዲግሪ የአንትሮፖሎጂ ጽሑፌን የሠራሁት በዚህ ምክር ነው። መቀሌ ተወልጄ ያደግሁ የወሎ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ በትግርኛ ተጫውቼ በአማርኛ እጽፋለሁ። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዤ ወደ አንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ተቀመጪ ሓፍተይ፤ ብቻ ክፉ ክፉውን እንዳትጽፊ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። ሳቅሁ። የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረውም።

ከበሩ ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ክረምቱን ሙሉ ተቀመጥኩ። ባለጉዳዮቹ መጀመሪያ ሰላይ መሰልኳቸው፤ ቀጥሎ ተለማማጅ ጸሐፊ፤ በመጨረሻ ምንም። ለእኛ ሙያ ምንም መምሰል ትልቅ ዕድል ነው።

ከባለጉዳዮቹ መካከል ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ነበሩ። ወልድያ ብዙ ዓመት በርበሬ ነግደው ስለተመለሱ ከእኔ ጋር በአማርኛ ማውራት ደስ ይላቸዋል። ባላቸው ሞተዋል። የቀረቻቸው ከአስፋልቱ ገባ ብላ የተሠራች ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ናት፤ ካርታ ግን የላትም። በዚያ ክረምት ካርታ የሌላቸው ቤቶች በአንድ ወር ውስጥ እንዲመዘገቡ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሳይመዘገብ የቀረ ቤት ሕገ ወጥ ተብሎ ይፈርሳል።

የምዝገባው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ እናት አራቱንም ማክሰኞ መጡ። በመጀመሪያው ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ደግሞ ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዘችው ልጅ ስብሰባ ላይ ነበረች። በሦስተኛው ቢሮው በሙሉ ግምገማ ገብቶ እርስ በርሱ ሲገማገም ዋለ። በአራተኛው ተራቸው ሊደርስ ሲል አንድ ባለ ኮት ሰው ሳያንኳኳ ገባ፤ ሲወጣ የሥራ ሰዓት አልቆ ነበር። ሁሉንም ጻፍኩ፤ ሰዓቱን፣ የተቀመጡበትን ቦታ፣ ስንት ጊዜ «ግድ የለም» እንዳሉ ሳይቀር። የአራተኛው ማክሰኞ ማስታወሻ በተለይ አምሮልኝ ነበር፤ ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

የዚያ ቢሮ ልማድ እንዲህ ነው፦ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የተስተናገደ ሰው ብቻ ነው። መጥቶ ጉዳዩ ሳይፈጸም የተመለሰ ሰው እንዳልመጣ ይቆጠራል። ወሩ ካለቀ በኋላ እናት ሲመጡ ጸሐፊዋ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየችና «በምዝገባው ጊዜ አልመጡም» አለቻቸው። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ መዝገቡ የሚለውን ነው ያለችው። በሳምንት ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚቻል፣ መምጣታቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ግን እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። አብረዋቸው ደጅ ሲጠኑ የከረሙት ባለጉዳዮች ለመመስከር አልደፈሩም። የራሳቸው ጉዳይ ገና አላለቀማ።

እናት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጓለይ፣ ልጄ፣ ነው የሚሉኝ፤ እኔም አደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ።

«ጓለይ፣ የመጣሁበትን ቀን አንቺ ጽፈሽዋል አይደል?»

«ጽፌዋለሁ አደይ።»

«እንግዲያው ለይግባኝ ሰሚዎቹ አሳይልኝ። አንዷን ገጽ ብቻ።»

ሙያችን እንደማይፈቅድ ነገርኳቸው። ጥናት በምናደርግበት ቦታ ያየነው በምስጢር ይያዛል፣ ለማንም አይሰጥም አልኩ። ደንቡ እውነት ነው። የተጻፈው ግን እንደ እሳቸው ያለውን ሰው ለመጠበቅ ነው፤ አሳይልኝ ያሉኝም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ያልነገርኳቸው ሌላ ነበር። ሥራዬን በአግባቡ ጨርሻለሁ የሚል ወረቀት ሊቀ መንበሩ ሊፈርሙልኝ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ያለዚያ ወረቀት ዩኒቨርሲቲው ጽሑፌን አይቀበልም። ይህን እያወቅሁ ስለ ደንብ አወራሁላቸው፤ ያውም ረጋ ብዬ፣ በጥሩ አማርኛ።

እናት አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ግድ የለም ጓለይ» አሉኝ። «ያንቺም ወረቀት እነሱ ጋ ነው።»

እኔ መቶ ሃያ ገጽ ጽፌ ያልደረስኩበትን እሳቸው ተቀምጠው አገኙት። አፈርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላፈርኩም። ምንም አልተሰማኝም። ቤቴ ሄጄ ምሳዬን በላሁ፣ ልብሴን አጠብኩ፣ እሳቸው ያሉትንም ቃል በቃል ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን በቀኑ ፈረሙልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አላመላለሱኝም።

ቤቲቱ ከመስቀል በኋላ ፈረሰች። እናት ኲሓ፣ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ገቡ ሲሉ ሰማሁ። ኲሓ በታክሲ ቅርብ ነው፤ አልሄድኩም።

ጽሑፌን ስከላከል ፈታኞቹ ስለ አራቱ ማክሰኞዎች የጻፍኩትን ምዕራፍ ከሁሉ አስበልጠው ወደዱት። አንደኛው ምልከታዬ የሰከነ መሆኑን አመሰገኑና መነጽራቸውን እያወለቁ ጠየቁኝ፦

«ሴትዮዋስ በመጨረሻ ምን ሆኑ?»

«እሱ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው» አልኩ።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቅንቀው ውጤቴን ጻፉ።