ለጋሽ ደጀኔ የመለስኩት ግጥም

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙዚቃ ዝግጅት አሰናጅ ደውሎ የሙዚቃ ቡድናችንን ሥራ አደነቀልኝ። ቼሎን፣ ያን ባለ አራት ክር ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ፣ ከጃዝ ጋር ማዋሃዴን፣ የማሲንቆ አጨዋወት መጨመሬን፣ ሁሉንም ወዶታል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን ዘፋኟ ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። ዘፋኝ እንደሌለን ስነግረው፣ "ታዲያ ሰዉ ምን ይሰማል?" አለ። በትሕትና ነው የጠየቀው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ክላሲክ የተማሩት ጃዝ እንዳበላሸኝ ይነግሩኛል። የጃዝ ሰዎች ለምን ቤዝ ጊታር እንደማልይዝ ይጠይቁኛል። የባህል ቡድኖች ደግሞ ማሲንቆ እያለ ያን ሁሉ እንጨት መሸከሜ ይገርማቸዋል። ሁሉም የሚስማሙት ዘፋኝ ያስፈልጋታል በሚለው ላይ ብቻ ነው። ነገሩ የጀመረኝ ግን አዲስ አበባ አይደለም። መንዝ፣ ዘመሮ ነው፣ በወንድሜ ሠርግ ላይ።

ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ በተመረቅኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር። በግቢያችን የሙዚቃ ክበብ ማንም የማይነካው አንድ ቼሎ ነበረ። ሰው መሀል መናገር ስለሚከብደኝ ከጓደኞቼ ይልቅ ከእሱ ጋር ተግባባሁ፤ ስመረቅም የክበቡ መምህር አዋሱኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ልጅነቴ ያለፈው ተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያጠኑ እየሰማሁ ነው። ደብረ ብርሃን ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር። እኔ ግን በሙዚቃ ለመኖር የምሞክርበት አንድ ዓመት እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው። እሺም እምቢም አላሉም፤ ለሠርጉ ይዤው እንድመጣና እንዲሰሙት ብቻ ነገሩኝ።

ጥምቀት እንዳለፈ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ቼሎውን ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ በሽንኩርት ጆንያዎች መሀል አስሮት፣ በየኮረብታው በተንገጫገጭን ቁጥር አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ጣራው አይ ነበር። ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ፣ በየማሳው ዳር የቀረው የጭድ ክምር ብቻ ነው። የመንዝ ብርድ ደግሞ ለክር አይራራም፤ ቤት ደርሼ ስከፍተው አራቱም ክሮች ረግበው አገኘኋቸው።

በሠርጉ ዕለት የተጠራው አዝማሪ የተሳፈረበት መኪና ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ቀረ። ምሳ ተበልቶ፣ ጠላው እየተቀዳ፣ ዳሱ ያለ ዘፈን መቀመጥ ሲሰለቸው አባቴ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ቼሎውን ይዤ ስወጣ ሰዉ ተንጫጫ።

"ይሄ ማሲንቆ ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረ?" አለ አንዱ።

"አርግዞ ይሆናል፣ ተዪው ይረፍ" አለኝ ሌላው።

ቼሎ በሁለት ጉልበት መሀል ተይዞ ነው የሚመታው። አክስቴ ይህን ስታይ ነውር ሆኖባት ደንግጣ ሮጠች፤ ከአልጋ ላይ ከባድ የሱፍ ባና አምጥታም ጉልበቴንና የቼሎውን ግማሽ ሸፈነችው። ድምፁ ከብርድ ልብስ ስር እንደሚያስል ሰው ታፈነ። ባናውን ለማንሳት እንኳ አፈርኩ። እንዲሁ በትዝታ ቅኝት ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ እየቆየሁም በራሴ መንገድ ዘርዘር እያደረግኩት ሄድኩ። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር።

ያን ጊዜ ጋሽ ደጀኔ ተነስተው ፊቴ ቆሙ። የአባቴ የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ ከሠርጉ በፊት በነበረው ክረምት ወንድማቸው ሞቶባቸዋል። በእኛ አገር የሚጫወት ሰው ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ካልመለሰ ሰጪውን ንቆታል ማለት ነው። ጋሽ ደጀኔ ጎንበስ ብለው እንዲህ ሰጡኝ፦

የጓሳ ሣር ታጭዶ ቤት ተከደነበት፤
ወንድሜን ያጨደው ምኑን ሊከድንበት።

መለስኩላቸው። እያንዳንዱን ቃል በደጋኑ አወጣሁት፤ "ወንድሜን" የሚለው ላይ ክሩን ተጭኜ አስለቀስኩት። እጄ እንዲህ ታዝዞልኝ አያውቅም። ጋሽ ደጀኔ ግን አፌን አፌን ያያሉ። ደግመው ሰጡኝ። ደግሜ መታሁት። "ተቀበይ እንጂ" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሰው መሀል አፌን መክፈት አቃተኝ፤ እጄ ብቻ መመለሱን ቀጠለ። ጋሽ ደጀኔ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሙሽሮቹን ሳይመርቁ ወጥተው ሄዱ።

ሽማግሌ ከሠርግ ቤት ተቀይሞ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ይቅርታ ሊያስጠይቁኝ ይዘውኝ ወጡ። በረዶ የመሰለው ውርጭ ገና ሣሩ ላይ ነበር። ጥቂት እንደሄድን፣

"አንድ ቃል ነው የፈለጉት። ምን ነካሽ ልጄ?" አሉኝ።

"መልሼላቸዋለሁ፣ አባባ።"

"መቼ?"

"እዚያው። በቼሎው።"

ቆሙ። ትናንት የሰሙትን በጆሯቸው የሚፈልጉ መሰለኝ። "እንግዲህ፣ እኔም አልሰማሁም" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ዕድሜያቸውን በዜማ የጨረሱት አባቴ ካልሰሙት ማን ይሰማዋል ብዬ ከኋላቸው እንባዬን እየዋጥኩ ተከተልኳቸው።

ጋሽ ደጀኔ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ይቅርታዬን ከሰሙ በኋላ፣ "እሺ፣ አሁን ተቀበይ" አሉኝ። ግጥሙን አልኩት። ዜማ የለው፣ ቅላጼ የለው፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ተቆራርጦ ለራሴም አልተሰማኝም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"አሁን ደረሰኝ። ተባረኪ" አሉ።

አባቴ ሲመለሱ ቀልሏቸው ነበር። ቤት ሳንደርስ፣ "በይ፣ ዓመቱን ሞክሪው" አሉኝ። በዚያች ሰዓት መደሰት ነበረብኝ። የመጣሁበትን አገኘሁ፤ ያገኘሁት ግን በሚንቀጠቀጥ ድምፄ እንጂ በቼሎው አልነበረም። ቼሎው እንደተፈረደበት ነው የቀረው።

ያ ዓመት እስከ ዛሬ አላለቀም። በጃዝ ክበብ፣ በሆቴል አዳራሽ፣ ከማሲንቆ ተጫዋቾች ጋር፣ አንዳንዴም ባዶ ወንበር ፊት እጫወታለሁ። አባቴ ታሪኩን ለእንግዳ ሲያወሩ፣ "በማግስቱ መለሰችላቸውና ታረቁ" ብለው ይጨርሱታል። ሰዉም ያማረ መጨረሻ ነው ይላል። እኔ ሳላርማቸው እቀመጣለሁ፤ መስማማቴ ግን አይደለም። ለጋሽ ደጀኔ ወንድማቸውን ያለቀስኩላቸው ዳሱ ውስጥ ነው። በማግስቱ ያልኩት ቃሉን ብቻ ነው።