ቴፍሎንና የጎማ ቀለበት

ጅላል የሚባለው የበጋ ወራት ነበር። የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን በየመስኮቱ ስንጥቅ እያሾለከ ያስገባል፤ እኔም ማለዳ ማለዳ ሥራ የምጀምረው የኮምፒውተሩን ማራገቢያዎች በብሩሽ በመጥረግ ነበር። ከፎቶ ቤቱ በላይ ባለችው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ውስጥ የሠርግ ፊልሞችን የማቀናብረው እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት የክፍሏ መቀጠል ወይም መዘጋት፣ ከእሷም ጋር የእኔ እንጀራ፣ በአንድ ፊልም ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ፊልሙ ሸደር በተባለችው የአካባቢያችን ከተማ የተደረገ ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ ሐሙስ ከቀትር ሶላት በኋላ በአይሻ በኩል ወደ ጅቡቲ ይጓዛሉ፤ እዚያ ያሉት የሙሽራው ዘመዶች ሠርጉን የሚያዩት ሙሽሮቹ ይዘው በሚሄዱት ፍላሽ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሬንደር በሚባለው በመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ማለትም የተቆራረጠው ምስል ሁሉ ወደ አንድ ፊልም በሚዋሃድባቸው ሰዓታት፣ ሙቀቱን መሸከም እያቃተው ራሱን ያጠፋል። በዚህ ምክንያት ከዚያ በፊት የሁለት ቤተሰቦችን ፊልም አዘግይተናል።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው አርባን የተሻገረ ሶማሌ ሴት ናቸው። ሰው ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

«ሁለት ቤተሰብ ፊት አሳፍረኸኛል፤ ሦስተኛ አልጨምርም» አሉኝ። «ሐሙስ ቀትር ላይ ፊልሙ ካልደረሰ፣ ካሜራ የሚቀዳውን ሁሉ አዲስ አበባ እየላክሁ አሠራለሁ። ክፍሏን ለልብስ ሰፊ አከራያታለሁ። አንተም…»

«እኔም?»

«አንተማ ቤትህ ተቀምጠህ ያን ያተምኸውን ወረቀት ታነባለህ።»

ፈገግ አላሉም። ማሽኑን በውሃ እንደማቀዘቅዘው ቀድሜ ቃል ገብቼላቸው ነበር፤ አሁን ያን ቃል የምጠየቅበት ጊዜ ደረሰ።

ቃሉን የገባሁት ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሁለተኛው ፊልም በመሃል በተቋረጠበት ቀን ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ኢንተርኔት ካፌ እየተቀመጥሁ ያገኘኋቸውን ገጾች እያተምሁ፣ ለፈተና እንደሚዘጋጅ ተማሪ በእርሳስ እያሰመርሁ አነብ ነበር። መጀመሪያ የተማርሁት ነገር ፓምፕ የሚመረጠው በሚያፈሰው የውሃ ብዛት አለመሆኑን ነው። በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው የመዳብ ማቀዝቀዣ በውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠኑ መተላለፊያዎች አሉት። በእነዚያ ውስጥ ውሃ ገፍቶ ለማሳለፍ ጉልበት ያስፈልጋል፤ በሜዳ ላይ ብዙ ውሃ የሚያፈስ ፓምፕ እዚያ ሲደርስ ሊለግም ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ ፓምፑ ከየት ኃይል ያገኛል የሚለው ነበር። በግድግዳ ሶኬት የሚሠሩት ርካሽና በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን በእኛ ከተማ መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አደጋው አይጠፋውም፤ ኮምፒውተሩ በባትሪ መጠባበቂያው እየሠራ ሳለ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ባለበት ይግላል። ስለዚህ ከራሱ ከኮምፒውተሩ ኃይል የሚወስድ፣ አሥራ ሁለት ቮልት የሆነ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ያለው ትንሽ ፓምፕ መረጥሁ። ዕቃው ከዱባይ ሐርጌሳ፣ ከሐርጌሳ በቶጎ ጫሌ በኩል ወደ እኛ እንዲመጣ ባለቤቲቱ ዘመዳቸው ለሆነ ነጋዴ አዘዙልኝ።

ማያያዣዎቹ ከፓምፑ ይልቅ አስጨነቁኝ። ከዱባይ የሚመጡት ካልበቁ ብዬ የከተማውን የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሁሉ ዞርሁ። በአንደኛው ሱቅ መለኪያዬን፣ ካሊፐሬን፣ አውጥቼ ኒፕል የሚባለውን የናስ ቧንቧ ማያያዣ ጥርስ ስለካ ባለሱቁ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሩብ ኢንች ማለት ሩብ ኢንች ነው፤ የኮምፒውተር ሩብ፣ የቧንቧ ሩብ የሚባል የለም!»

«የእርስዎ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነውን ነው።»

«ወንድሜ፣ ለአንዲት ብረት እንዲህ ከመረጥህ ለሚስትማ ስንት ዓመት ሊፈጅብህ ነው!»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን ትክክል ነበርሁ። የቧንቧ ኒፕል ሁለት ዙር ከገባ በኋላ እየነከሰ ይሄዳል፤ ውሃ የሚያግደው በዚያ ንክሻና በላዩ በሚጠመጠመው ቴፍሎን በተባለ ስስ ነጭ ጥብጣብ ነው። የኮምፒውተሩ ማያያዣ ግን በጥርሱ አያግድም። ከሥሩ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለችው፤ በእጅ እስኪጠብቅ ድረስ ሲዞር ቀለበቷ ከክዳኑ ፊት ጋር ተጣብቃ ትዘጋዋለች። በቁልፍ ከተጨመረበት ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ይህን በታተመው ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር።

ዕቃውን የያዘው መኪና ኬላ ላይ ሁለት ቀን ቆሞ ረቡዕ ቀትር ላይ ደረሰ። የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

የሞቀውን ውሃ የሚያበርደውን ራዲያተር ከኮምፒውተሩ ሳጥን ጋር ለማሰር ቆርቆሮው መበሳት ስለነበረበት፣ ጎረቤታችን የሆኑትን አንድ አዛውንት የቧንቧ ሠራተኛ መሰርሰሪያ እንዲያውሱኝ ለመንሁ። መሰርሰሪያውን ይዘው የመጡት ራሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው አይሻ ባቡር ጣቢያው ዘንድ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ በእኛ ሰፈር ውሃ የገባበት ቤት ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። እኔ «አዴር» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት፤ እሳቸውም በሶማሊኛው ወግ መልሰው እኔኑ «አዴር» ይሉኛል።

«ውሃ ኮምፒውተር ውስጥ ልታስገባ ነው አሉ» አሉ ደረጃውን ገና ወጥተው ሳይጨርሱ። «አዴር፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ውሃ ከኤሌክትሪክ እንዲርቅ ስደክም ነው!»

ቆርቆሮውን በሱልኝ። ሥራቸው በዚያ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ማያያዣዎቹን ሲያዩ ዓይናቸው በራ፤ የለመዱት ዕቃ ነበርና። አንዱን አንስተው ከኪሳቸው የቴፍሎን ጥቅል አወጡ፣ ጥርሱን በወፍራሙ ጠመጠሙት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አባቴ የሚነሡላቸውን ሰው፣ ያለክፍያ ሊያግዙኝ የተቀመጡትን ሰው «ተሳስተዋል» ማለት በምን አንደበት? በእኛ ሰፈር ሽማግሌ የያዘውን ሥራ ከእጁ አይነጥቁም። ሲሄዱ ፈትቼ በትክክለኛው መንገድ እመልሰዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ማያያዣውን በፓምፑ ክዳን ላይ አስገቡ፣ በእጅ አዞሩ፣ ከዚያ ቁልፍ አነሡ። አንዴ አጠበቁ። ደገሙት። በሁለተኛው ላይ፣ ሰው ጥፍሩን በጥርሱ ሲቆርጥ እንደሚሰማው ያለ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ዝም አልሁ።

ሲሄዱ እፈታዋለሁ ያልሁት አልሆነም። ፍተሻውን ሳያዩ እንደማይሄዱ ነገሩኝና በርጩማ ሳቡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ፓምፑ ብቻ እንዲሠራ አደረግሁ፤ የተጣራ የባትሪ ውሃ ሞላሁበት፤ በየማያያዣው ሥር ሶፍት አነጠፍሁ። ሁለታችንም ሶፍቱን እያየን ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ያህል ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በፓምፑ ሥር ያለው ሶፍት መሃሉ ላይ ጠቆረ፤ ጥቁረቱ ቀስ እያለ ሰፋ።

«ላልቷል» አሉና ቁልፉን አነሡ።

«አዴር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልሁ። «ይህ ማያያዣ በቁልፍ ብርታት ሳይሆን ከሥሩ ባለው የጎማ ቀለበት አማካይነት ውሃ እንዲያግድ ተደርጎ የተሠራ እንደመሆኑ መጠን፣ ቴፍሎኑን አስወግደን…»

«ለቀበሌ ማመልከቻ እያነበብህ ነው? አሳጥረው!»

«ቴፍሎን አይፈልግም። ቁልፍም አይፈልግም። ክዳኑ ተሰንጥቋል።»

ቁልፉን በቀስታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ክዳኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ ፀጉር የምታህል መስመር ከቀዳዳው ጀምራ ወደ ጎን ሄዳለች።

«ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት።»

«ስጠመጥም አጠገቤ ነበርህ።»

«ነበርሁ።»

«አፍህስ የት ነበር?»

«ስለማከብርዎ ነው፣ አዴር።»

«አክብረኸኝ ነው ዕቃህን በእጄ ያሰበርኸው?» አሉ። «ነገ ሴትዮዋ ሲመጡስ፣ ‹ሽማግሌው ሰበረው› ልትላቸው ነው ወይስ ያኔም ልታከብረኝ ነው?»

ተነሡ፣ መሰርሰሪያቸውን ትተው ደረጃውን ወረዱ። ሌላ ክዳን በከተማው የለም፤ ከዱባይ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። አጠገቤ የተቀመጠውን የታተመ ወረቀት አየሁት፤ ሁለት ጊዜ ያሰመርሁበት ዓረፍተ ነገር ከላይ ነበር። ወረቀቱን ገለበጥሁት።

አሥር ሰዓት ገደማ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ተመልሰው መጥተዋል፤ በአንድ እጃቸው የዘይት ጀሪካን፣ በሌላው ዝገት የበዛበት ትንሽ ፓምፕ ይዘዋል።

«አይሻ ላይ በውሃ የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ በየቤቱ ነበር» አሉ ሳያዩኝ። «ጭድ ላይ ውሃ የሚያፈስላቸው ይህ ነው። አሁን አፍህን ክፈትና ምኑ እንደማይሆን ንገረኝ።»

ነገርኋቸው። የመግፋት ጉልበቱ ደካማ ነው፤ የሚሠራው በግድግዳ ሶኬት ነው፤ ያልመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። እሳቸውም አንድ በአንድ ጠየቁ። ደካማ ከሆነ መንገዱን እናሳጥርለት አሉ፤ ቱቦው የሚታጠፍባቸውን ሁለት ክርኖች አውጥተን ቱቦውን ቀጥ አደረግነው። ፓምፑን ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ባትሪ መጠባበቂያ ላይ ብንሰካው ባትሪው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሚችል አስረዳኋቸው። «ታዲያ ታች ያለውን ጄኔሬተር ለማስነሣት ጥቂት ደቂቃ አይበቃም?» አሉ። ፓምፑን በታጠበው ጀሪካን ውስጥ አጠለቅነው፤ ቱቦዎቹን እሳቸው ፋሼታ በሚባለው የብረት ማጥበቂያ ቀለበት አሰሯቸው። የመዳቡን ማቀዝቀዣ ማያያዣዎች ግን እኔ ያለ ቴፍሎን በእጄ አጠበቅሁ፤ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተመለከቱ። እስከ ማግሪብ ሶላት ድረስ ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ቆየ።

ሌሊቱን የፊልሙን የቀሩ ቁርጥራጮች ሳቀናብር አድሬ ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሬንደሩን ጀመርሁ። አምስት ሰዓት ይፈጃል። የሙቀቱ ቁጥር ከተመኘሁት በላይ ወጣ፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ከሚያጠፋበት ወሰን ትንሽ ዝቅ ብሎ ግን ረጋ። ከቁጥሩ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። አዛውንቱ ታች ጄኔሬተሩ ዘንድ ቁጭ ብለዋል፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። ባትሪው ይጮህ ጀመር። መስኮቱን ከፍቼ «አዴር!» ብዬ ጮኽሁ። ገመዱን ሲስቡ ሰማሁ፤ ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጥሶ ዝም አለ። ደግመው ሳቡ፤ ምንም። የባትሪው ጩኸት ተቀራረበ። ባትሪው ካለቀ የአራት ሰዓቱ ሥራ ሁሉ ይጠፋል፤ እንደገና ለመጀመርም ጊዜ የለም።

«ቾኩን ይሳቡት!» አልሁ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝና» አላልሁም። «በግራ በኩል፣ ቾኩን!»

አየር ማነቂያውን ስበው ሦስተኛ ጊዜ ገመዱን ሲጎትቱ ጄኔሬተሩ ተነሣ። ጎንበስ ብዬ በጀሪካኑ ውስጥ ውሃው መዞሩን አየሁ።

ፊልሙ ከስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ አልፎ አለቀ። የሙሽራዪቱ ወንድም መኪናውን ሳያጠፋ በር ላይ ይጠብቅ ነበር፤ ፍላሹን ተቀብሎ ሩጦ ወረደ። ባለቤቲቱ ወደ ክፍሏ ገብተው ጀሪካኑን፣ ቱቦውን፣ ፋሼታውን አንድ በአንድ አዩ።

«አሥር ደቂቃ አሳልፈሃል» አሉ በዚያ ዝቅተኛ ድምፃቸው።

«አዎን፣ አሳልፌያለሁ።»

«ለልብስ ሰፊው ክፍሏ እንደማትለቀቅ እነግረዋለሁ። ግን ይህን የዘይት ጀሪካን በመጋረጃ ሸፍነው፤ ደንበኛ ቢያየው ምን ይለኛል?»

ከቦርሳቸው የሚቀጥለውን ሠርግ የካሜራ ካርድ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ወረዱ።