የእትየ አንጓች ደቂቃ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ፣ የምናገረው ፊቴን ስለማያዩት ነው።

ዘጋቢ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ለራዲዮ ዜና ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ጎርፍ ዘግቤያለሁ፤ ከደጀን ቁልቁል የተገለበጠ አውቶቡስ ዘግቤያለሁ፤ ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አሁን ግን ይህን እየጻፍኩ ደጋግሜ እሰርዛለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የአማኑኤል ገበያ ነው።

በደሌን አስቀድሜ ልናገር። አንዲት እናት «አጣርተሃል?» ብለው ጠየቁኝ። «አጣርቻለሁ» አልኳቸው። አላጣራሁም ነበር።

የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ነው። ፊልም ማየት ሰው የዕለት ኑሮውን እንዲችል እንዴት እንደሚያግዘው የሚያሳይ አንድ ፕሮግራም እንድሠራ ታዘዝኩ። ርእሱን አልወደድኩትም ነበር፤ የምይዘው ነገር ያለው አልመሰለኝም። ቢሆንም በገበያ ቀን ወደ አማኑኤል ከተማ ሄድኩና አያ ስማቸው ከሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት ገባሁ። የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ አግዳሚዎች፣ በመስኮቱ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን። የሸጠውም ያልሸጠውም ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት እዚያ ጎራ ይላል።

በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት የምትመጣው ለማልቀስ እንደሆነ ነገረችኝ። ቤቷ ካለቀሰች ልጆቿ ይደነግጣሉ፤ እዚህ ግን ሰው ሁሉ ፊልሙ ውስጥ ላለችው ልጅ ያለቀሰች ይመስለዋል። በሬው የሞተበት አንድ ገበሬ ደግሞ፣ «የሰው ጭንቅ ሁለት ሰዓት ስሸከም የራሴ ያርፍልኛል» አለኝ። ሁለቱንም ቀረጽኩ። በዚህ ብመለስ ምን ነበረበት?

ዋናው ፊልም ከመጀመሩ በፊት አያ ስማቸው ሌላ ፊልም ከፈተ፤ አዲስ አበባ የተሠራ የአማርኛ ፊልም፣ ያውም ከመሐሉ አንዲት ደቂቃ ብቻ። ሁለት ፍቅረኞች መንገድ ዳር ቆመው ይጣላሉ። ከኋላቸው አላፊ አግዳሚው ይታያል። ከአላፊዎቹ አንዱ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ወጣት ነው። ጆንያ ተሸክሟል። ዞር ብሎ ወደ እኛ ያይና ያልፋል።

ከፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አስግገዋል። ወጣቱ ሲያልፍ ከኋላ አንድ ሰው፣ «እትየ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?» አለ።

«ዛሬ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ከፍቶት ነበር።»

«ያን ጆንያ እስካሁን አላደረሰውም እንዴ?»

«የአባቱ ልጅ አይደል። አባቱም ሥራ ሲሉት መንገድ ላይ ወሬ ይዞ ይቆም ነበር።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ዋናው ፊልም ተጀመረ።

እትየ አንጓች ይባላሉ። ልጃቸው ይበልጣል የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ጥቂት ወራት ሲደውል ቆይቶ፣ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ወንድሞቻቸው ለቅሶ እንቀመጥ አሉ፤ እሳቸው እምቢ አሉ። እህል አልበላ ብሏቸው፣ ከሰው ተለይተው ከርመው፣ አንድ ቅዳሜ ጎረቤት ጎትቶ እዚህ አመጣቸው። ያኔ ነው ባለ ሹራቡን ያዩት። ፊልሙ የተሠራው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ስለነበር ለእሳቸው ትርጉሙ አንድ ነው፤ ልጃቸው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ስማቸው በየቅዳሜው ያቺን ደቂቃ ይከፍትላቸዋል። ሰውም አውቆ ይጠብቃል።

ሹራቡን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አያውቁትም፤ አረማመዱን ነው ያወቁት። «ወፍሯል» አሉኝ። «የሚበላው አላጣም ማለት ነው።»

አያ ስማቸውን ለብቻው፣ አንተ ልጃቸው ይመስልሃል ወይ አልኩት። «እኔ ሥራዬ ማሳየት ነው» አለኝ። መልሱ አናደደኝ። አዎ፣ በደሌ የጀመረው ከዚህ ንዴት ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው እየጠረጠረ ዝም ብሏል፤ እኔ ብቻ እውነተኛ የሆንኩ መሰለኝ። ማን ሾመኝ?

አንድን ነገር ከሁለት ሰው ሳልሰማ አየር ላይ አላውልም። አዲስ ለሚገቡ ዘጋቢዎችም መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። የፊልሙን አዘጋጅ ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። ሰውየው መንገድ ላይ ነበር፣ ቸኩሏል። ከኋላ የሚያልፉት የራሳቸው የፊልም ቡድን ልጆች እንደሆኑ፣ ባለ አረንጓዴውም የመብራት ሠራተኛቸው ወንድም እንደሆነ፣ ልጁንም ትናንት እንዳገኘው ነግሮኝ ዘጋ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩትና ከሥሩ አሰመርኩበት። አንድ ሰው ብቻ ነው የነገረኝ። ሁለተኛ አልደወልኩም። ለምን አልደወልኩም? የቀበሌ ሊቀመንበር ስም ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ የምደውል ሰው፣ ለእናት ልጅ አንድ ስልክ በቃኝ።

እኔ ደብረ ኤልያስ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም አልልም። ነገሩ እስኪረጋገጥ ይደበቃል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ፤ የሚይዝ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ይቆማል። እኔ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን ሄድኩ። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ዜና በማነብበት ድምፅ፣ ያ ልጅ የእርስዎ ልጅ አይደለም አልኳቸው። ሞቷል አላልኩም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ደጋገምኩት? ሞቷል አላልኩም፣ ሞቷል አላልኩም። እሳቸው ግን የሰሙት ያንኑ ነበር፤ እንደሚሰሙትም አውቅ ነበር።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «አጣርተሃል?» አሉኝ።

«አጣርቻለሁ።»

«እንግዲያስ አንተ የምትለው ነው» አሉ። ራዲዮ የሚያወራ ሰው አይቀጥፍም ብለው ያምኑ ነበር። አያ ስማቸውን በእጃቸው ጠቅሰው ዛሬ እንዳይከፍተው ነገሩት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

በሳምንቱ ለቅሶ ተቀመጡ። እኔም ሄድኩ፤ ንፍሮ ዘግኜ በላሁ። ታላቅ ወንድማቸው ሁለት እጄን ይዞ፣ «አሳረፍካት፤ እኛ ያቃተንን አንተ ቻልከው» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት። ቆይቶ ተዝካሩ ወጣ። ፕሮግራሜም ተላለፈ፤ የበርበሬ ሻጯና የገበሬው ድምፅ ነበረበት፣ አለቃዬ ወደደው። እትየ አንጓችን አላስገባኋቸውም፤ ለክብራቸው ብዬ ነው አልኩ።

ከዓመት በኋላ አንድ ፊልም ሊቀርጹ ደብረ ማርቆስ ሰዎች መጡ። ልዘግብ ሄድኩ። የመብራት ሠራተኛቸው አዘጋጁ የጠቀሰልኝ ያው ሰው ነበር፤ ወንድሙም አብሮት ነበር። ወንድሙን ስለ አረንጓዴው ሹራብ እንደዋዛ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። እሱ በዚያ ፊልም ውስጥ የታየው ግድግዳ ተደግፎ ጋዜጣ ሲያነብ ነው፤ አረንጓዴ ሹራብ ኖሮት አያውቅም። ታዲያ ባለ ጆንያው ማነው አልኩት።

«እኔ እንጃ። መንገዱን ማን ይዘጋልናል? ያለፈው ሁሉ አለፈ።»

እንግዲህ ያ ልጅ ማንም ሊሆን ይችላል። ይበልጣልም ሊሆን ይችላል።

በራዲዮ አንድ ስም ስሳሳት በማግስቱ እርማት አነባለሁ። ይህን ግን አላረምኩም። አራት ዓመት አላረምኩም። ምን አግኝቼ ልንገራቸው አልኩ። እንደገና ተስፋ ሰጥቶ ማሠቃየት ነው አልኩ። ይህ ሁሉ ለእሳቸው ማሰብ ነበር? አልነበረም። ወንድማቸው ሁለት እጄን እንደያዘኝ መቅረት ፈልጌ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት የልጁ ስም ከሙታን ጋር ይጠራል፤ ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ በአማኑኤል ሲያልፍ ቪዲዮ ቤቱን ላለማየት በወዲያኛው መስኮት በኩል መቀመጥ ለምጃለሁ። በምን እንደምለየው ባላውቅም፣ በየመንገዱ ጆንያ የተሸከመ ወጣት ሳይ ፊቱን እመለከታለሁ።

ባለፈው ረቡዕ አያ ስማቸው ደወለ። እትየ አንጓች ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈው ቅዳሜ መጥተው ነበር አለኝ። የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡና፣ «ያ ልጄ ያልሆነው ልጅ አሁንም አለ? እስኪ እንዴት እንደከረመ ልየው» አሉት። ከፈተላቸው።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ከስቷል አሉ።»

ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ ለፊልሙ ሰዎች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው፤ ያኔ ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ አደረግኩ። ባለ ሹራቡን የሚያውቀው አንድም የለም። ሞት ሊያረዳ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ሞቷል ማለትም፣ አለ ማለትም የማልችለው እኔ ከማን ጋር ልሂድ? ለዚህ የወጣ ሥርዓት የለም። ደንግጠው ቢወድቁስ? ወንድማቸው ቢያባርረኝስ? አምነውኝ እንደገና መጠበቅ ቢጀምሩስ? ወይስ ከእንግዲህ ጨርሶ ባያምኑኝስ? የቱ እንደሚያስፈራኝ ለይቼ አላውቅም።

ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። የቸኮለው አዘጋጅ ነው፣ ዝም ያለው አያ ስማቸው ነው ብዬም አላመካኝም። እነሱን ማንም አጣርታችኋል ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም። የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ነገ የመጀመሪያውን ሚኒባስ እይዛለሁ። ገበያው ሳይሞላ፣ እሳቸው ከቤታቸው ሳይወጡ እደርሳለሁ። በሩ ላይ ቆሜ የምናገረውን ሳልጽፈው በቃሌ ይዤዋለሁ፤ አጭር ነው። እትየ፣ ያን ቀን አላጣራሁም ነበር። ዛሬ አጣራሁ፤ ያ ልጅ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ከፈቀዱልኝ፣ ከሰዓት አግዳሚው ላይ አጠገብዎ ተቀምጬ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።