የክዳኑ ዘበኛ

ጥልፍ ሰሪዋ ክፍት ነገር አይሆንላትም። ድስት ይሁን ሣጥን፣ የራሷ መሳቢያ ይሁን የጎረቤት መስኮት፣ ተከፍቶ ካየች እጇ አያርፍም። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ባሏ «አፌን ከፍቼ ካንቀላፋሁ እኔንም ትዘጋኛለች» ይላል። እውነቱን ነው፤ ዘግታው ታውቃለች።

ታናሽ ወንድሟ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ለጥልፍ ማሽኗ ሲሰጣት ችግሩ ከዚሁ መጣ። ማሽኑ ሥዕሉን የሚቀበለው ከላፕቶፑ በገመድ ነው። ሱቋ ጠባብ ስለሆነች የክር ብናኝ ቁልፎቹን አልብሷቸው ይውላል። እሷ ብናኙን ታይና ክዳኑን ከደን ታደርጋለች፤ ላፕቶፑ ይተኛል፤ ማሽኑም መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካ ቀጥ ይላል።

የሰፈሩ ኳስ ቡድን ዓርማ አውራ ዶሮ ነው። በዚህ ሁኔታ አንገቱ ድረስ ተጠልፎ ቀረ። አሠልጣኙ ማልያውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው።

«እትዬ፣ ራሱስ?»

«ላፕቶፑ ተኝቶብኝ ነው።»

«አጥቂያችንም እንደዚሁ ነው» አለና ማልያውን መለሰላት።

በነጋታው ባሏ ወንበር ይዞ መጥቶ ከላፕቶፑ አጠገብ ተቀመጠ። ሥራው የሚስቱን እጅ መጠበቅ ነበር። እጇ ወደ ክዳኑ ሲሄድ «እህም!» ይላል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ በጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ደንበኛ ሲገባ «እንዳትነኩ፣ ሥራ ላይ ነው» ይላል፤ ስለ ላፕቶፑ ይሁን ስለ ራሱ አይለይም።

ግን ቀኑን ሙሉ «እህም» የሚችል ሰው የለም። ትዕግሥቷ ሲያልቅ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ተከድኖ አይሠራም እንዴ?»

«ይሠራል እንጂ! እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ይኸው ጠየቅኩህ።»

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት አስከፈታትና ፊደል በፊደል ይነግራት ጀመር። ስትጠልፍ የኖረችው የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ ትልቁን ከትንሹ ለመለየት አልተቸገረችም። ክዳን ሲዘጋ ምን ይደረግ የሚለው መስመር ተገኘ።

«ከመስመሩ ፊት ያለችውን የፍርግርግ ምልክት አጥፊያት። ከዚያ ‹ሰስፔንድ›፣ ተኛ የሚለውን አንሺና ‹ኢግኖር› ብለሽ ጻፊ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ክዳኑ ሲዘጋ እንዳላየህ እለፍ ማለት ነው።»

«እዚህም እንዳላየ ማለፍ የሚችልበት አለ» አለች፣ ባሏን በዓይኗ እየጠቆመች።

ባሏ እንዳላየ አለፈው።

የጻፈችውን አስቀምጣ ላፕቶፑን አጥፍታ አስነሳችው፤ ሥዕሉን ላከችና ክዳኑን ከደነችው። ማሽኑ ምንም ሳይመስለው ቀጠለ። አውራ ዶሮው ራስ አወጣ፤ ትንሽ ቆይቶም ምንቃር።

ባሏ ቆሞ እስከ መጨረሻው አየና ወንበሩን አነሳ። «እንግዲህ እኔ ልሂድ» አለ። በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ማታ ቤት ስትገባ ሶፋው ላይ ታገኘዋለች። «ምን ሆንክ?» ስትለው «ምን እሆናለሁ» ይላል። እሷም ክዳኑን በዘጋች ቁጥር ዞር ብላ ወንበሩ የነበረበትን ቦታ ማየት ለመደባት።

በሳምንቱ መጨረሻ ሱቁ ቀለም ሊቀባ ሆነና ላፕቶፑን ከድና፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ቤት ወሰደችው። ቦርሳውን የተቀበላት ባሏ ነው።

«ይሄ ነገር ትኩሳት ይዞታል» አለ።

አውጥተው ሲያዩት ማራገቢያው ያጓራል። ወንድሟ በስልክ «እንዳትተኛ አልሽው፣ አልተኛም፤ ምን ያድርግ? ቦርሳ ከመግባቱ በፊት አጥፊው» አላት።

ማጥፋቱ ቀላል ነበር፤ አላቃታትም። ግን ባሏ ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ ለጥፎ፣ እንደ ሞተር እያዳመጠው ነበር።

«ስማ፣ ይሄን የሚያጠፋልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለችው። «እኔ ከድኜው ነው የምረሳው።»

ጆሮውን ሳያነሳ አሰበበት።

«ሰውየው የላፕቶፑ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ አለበት?»

«አለበት።»

«ለማጥፋት ብቻ ነው የሚመጣው ወይስ ቀንም መገኘት አለበት?»

«ቀንም» አለች ጥልፍ ሰሪዋ። «እህም ማለት ግን የለም።»

«እናያለን» አለ።

ሰኞ አብረው ወጡ፤ ቦርሳውን የያዘው እሱ ነበር።