ለሠርግ የተቀባ ግድግዳ

በተፈጥሮዬ ሰው ማመስገን አይቀናኝም፤ አጎቴን ግን አመስግኜ አልጠግብም።

ሐዋሳ ውስጥ መንገዱ ሁሉ ኮብልስቶን በሚነጠፍበት ዘመን ነው። መሃል ከተማ ያለው ቤታችን የሳሎኑ ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰነጠቀ። አባቴ በሱቁ ትርፍ ብሎኬት በብሎኬት ያቆመው ቤት ስለሆነ ክፉ አያስነካም። «ቤት ሲረጋ ይሰነጠቃል» ብሎ ዘጋው። ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መሐንዲስ ነበርና ዝም ብሎ አላለፈውም። የክብሪት ቀፎ የምታህል ሴንሰር አምጥቶ ስንጥቁ ላይ ለጠፈ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ለክታ የምትመዘግብ ናት። «እየመጣሁ አነባታለሁ፤ እንዳትነኳት» አለን።

ወዲያው የእህቴ ሠርግ ደረሰ። እኛ ሰፈር ደግሞ ግድግዳ ሳይቀባ ልጅ አይዳርም። እናቴ የጠራችው ቀለም ቀቢ ስንጥቁን በጀሶ ደፈነና ሴንሰሯንም አብሮ ክሬም ቀለም አለበሳት።

ሐሙስ ዕለት አጎቴ መጥቶ ሲያያት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ምነው? አልነቀልናትም እኮ!» አለች እናቴ ኮራ ብላ። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

እሱ ግን አልሳቀም። ሴንሰሯ በጀሶ ታንቃ ከጥቅም ውጭ ሆናለች፤ ነገር ግን ሽታው እንኳ ያልለቀቀው አዲስ ቀለም ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል።

«ጋሼ፣ የቆመ ስንጥቅ ቢሆን አዲሱን ጀሶ አይሰነጥቀውም ነበር። ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው። እዚህ ሰው እንዳያስቀምጡ» አለው አባቴን።

«ሠርጉ እኮ እሑድ ነው! ቤት እያለው በሰው ግቢ ዳረ ልባል?»

«ሰው ያሻውን ይበል።»

አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሳሎን ገብቶ መዳፉን ስንጥቁ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጎረቤታችንን ግቢ ለመነ፤ የእድሩንም ድንኳን አስተከለ።

እሑድ ምሳ ተነሥቶ ዘፈኑ ሲደራ ከቤታችን በኩል ከባድ ድምፅ ሰማን። ሮጠን ስንደርስ ግድግዳው ለሙሽሮቹ ታስቦ በነበረው ቦታ ላይ ተደርምሷል። ለካ የፈነዳ የውሃ ቧንቧ ከሥሩ አፈሩን ሲበላው ኖሯል።

አባቴ ፍርስራሹን ዞር ብሎም አላየው። እህቴን ከነቬሏ እቅፍ አድርጎ አለቀሰ። ከዚያ ለታናሽ ዝቅ ብሎ የማያውቀው ሰውዬ የአጎቴን ጉልበት ሊስም ተደፋ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይነሡ! ቤትዎ ነው እኮ የፈረሰው!»

«ቤትማ እሠራለሁ» አለ አባቴ፤ «እሷን ከየት አመጣት ነበር?»