የአረቄው ቀማሽ

እናቴ አረቄ ታወጣለች እንጂ አትቀምስም፤ ጴንጤ ናት። በእኛ ሰፈር ደግሞ ያወጣ ሰው ገዢው ፊት ካልቀመሰ አይሸጥለትም። ሁልጊዜ የምትቀምስላት አክስቴ ነበረች።

ያን ቀን አክስቴ ዶርዜ ለቅሶ ሄዳለች። ሲቀላ ሰፈር አረቄ ቤት ያላት ደንበኛችን ስኒውን ወደ እናቴ ገፋችው።

«ቅመሺ።»

ስፒሪት የተቀላቀለበት አረቄ የሰው ዓይን አጠፋ የሚባል ወሬ ሰሞኑን ከተማውን አዳርሶት ነበር። እናቴ ጥቂት ክዳን ላይ አፍስሳ ክብሪት ጫረችበት። ሰማያዊ ነበልባል ወጣ።

«ስፒሪትም ይነዳል» አለች ሴትዮዋ። «ካልቀመስሽ አልወስድም። ለምን እንዳልወሰድኩም ለሰው እናገራለሁ።»

ጎረቤቶች በአጥሩ ማጮለቅ ጀመሩ። እናቴ ላብ አጠመቃት። እኔ ልቅመስላት ብዬ እጄን ስሰድ፣ «አንተ አርፈህ ቁም!» ብላ ገፈተረችኝ። ድሮም ቢሆን ጀሪካኑ በጎደለ ቁጥር የምትጠረጥረው እኔን ነው። ስንት ጊዜ ምዬላታለሁ!

ይሄኔ አባቴ ከቤት ወጣ። የቸርች አገልጋይ ነው፤ አረቄ በሚወጣበት ጓዳ በኩል እንኳን አያልፍም። ስኒውን አንስቶ፣ ዓይኑን ከሴትዮዋ ሳይነቅል፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ይኸው! ሚስቴ ሰው አትመርዝም።»

ሴትዮዋ ጀሪካኗን አቀረበች። እኔ የአባቴን ሳል ጠበቅኩ። የእናቴ አረቄ ላልለመደው ጉሮሮ እሳት ነው፤ ጎረምሳ ያስለቅሳል። አባቴ ግን አልሳለም። ከንፈሩን ጠረግ አደረገና፣

«የዛሬው ከወትሮው ከረር ብሏል» አለ።